ከምርቃቱ ማግስት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የአማርኛ መጽሐፍ ይመረቃል ከተባለ ሰው ይመጣል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ስደተኛ ደራሲ በተወራ ቁጥር «ዞር ብሎ የሚያየው የለም» ሲባል ስለምሰማ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የሌሊት ፈረቃውን ከባልደረባው ጋር ተቀያይሮ ከባልቲሞር የሚመጣ አለ፤ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ከአሌክሳንድሪያ የምትመጣ አለች። ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ግጥም በዋሽንት ታጅቦ ይነበባል፣ የመጀመሪያዋ ቅጂ ለጨረታ ትቀርባለች። የ20 ዶላር መጽሐፍ 500 ዶላር ሲጠራባት አይቻለሁ። ያሸነፈው የታክሲ ሹፌር ነበር። ያን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ሰዓት መሪ ጨብጦ እንደዋለ አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔን የሚያሳስበኝ ከማግስቱ ጀምሮ ያለው ነው። ደራሲው የተረፈውን ካርቶን መኪናው ውስጥ ጭኖ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ የሚደውልለት የለም። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው ሞልቷል፤ «ምዕራፍ አራት ላይ ልጅቷን ለምን እንዲህ አደረግሃት?» የሚለው ነው የጠፋው። ገዝተው የወሰዱ ወዳጆቼ ቤት ስሄድ መጽሐፉን ከነፊርማው ሳሎን ውስጥ አየዋለሁ። በክብር ተቀምጧል፤ አልተገለጠም። ገንዘቡ የተሰጠው ለሰውየው ነው እንጂ ለመጽሐፉ አይደለም።

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ቤት ቤዝመንት ሆነን መጽሐፍ እናሳትማለን። እኔ መሐል ከተማ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። አርታኢያችን ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ሽፋን የሚሠራልን ሠዓሊ ምግብ ያደርሳል። የሁላችን ታላቅ የሆኑት ጋሼ አገር ቤት ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ ያሳለፉ ተዋናይ ናቸው፤ እዚህ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነድተው አሁን ኡበር ይሠራሉ። ረቂቅ ሲመጣ ጮክ ብለው የሚያነቡልን እሳቸው ናቸው። በእሳቸው አፍ ተነቦ ያልጣመ ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፋል።

ከእንጀራ ሥራ ጋር ጥበብን አብሮ ማስኬድ ከባድ ነው ሲባል ሰው ድካሙን ብቻ ያስባል። ከድካሙ ይልቅ የሚጎዳው የሰዓቱ መቆራረጥ ነው። መኪና በገባና በወጣ ቁጥር እነሣለሁ፤ የጀመርኩት ስንኝ ተመልሼ ስቀመጥ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ጓደኞቻችን አጭር ልብ ወለድ ላይ የቀሩት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ረጅም ልብ ወለድ ተከታታይ ጠዋቶች ይፈልጋል፤ በሰዓት የሚከፈለው ሰው የሳምንቱ ፕሮግራም በየእሑዱ ይቀየርበታል። ሳይቀጠር በግሉ የሚነዳው ደግሞ ከትርፉ ላይ 15.3 በመቶ ገደማ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለመንግሥት የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ፣ ይከፍላል፤ የጤና ኢንሹራንሱን ራሱ ይሸፍናል፤ አገር ቤት የሚጠብቀው አለ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው።

አርታኢያችን ትርጉምም ትሠራለች። ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ሕግ መነሻ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ፤ የክትባት ማስታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ድጋፍ ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ። ለእንዲህ ያለ ጥቂት ገጽ የሚከፈላት አንድ ሙሉ የግጥም መድበል አርማ ከምታገኘው ይበልጣል። ሥራውን ግን አትንቀውም። እናቶቻችን ሐኪም ቤት ተቀምጠው የሚያነቡት እሱን ነው፤ የግጥም መድበሉን የምታርመውን ያህል ተጨንቃ ትሠራዋለች።

ስለ አርትዖት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የስደት መጽሐፍ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነውና። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ግን በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየበ ረቂቅ ይላክልናል፤ ስንከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። ከተለወጠ በኋላ በእጅ መለቀም አለበት። አራት ነጥቡ በሁለት ሁለት ነጥብ ተተክቶ የተመታ እንደሆነ፣ ግማሹ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይቀርና ግማሹ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። አንዱ ምዕራፍ «ዓለም» ብሎ ሌላው «አለም» ይላል፤ የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም አንዴ በ«ሀ» አንዴ በ«ሐ» ይጻፋል። አርታኢያችን ይህን ሁሉ ከአንዷ አሮጊት ቤት ወደ ሌላዋ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ትለቅማለች። ደራሲዎች ያላቸውን በሙሉ ለማተሚያ ቤት ከፍለው ለአርታኢ የሚተርፍ ሲያጡ አይተናል። ስለዚህ ተከራክረን አንድ ነገር ወሰንን፤ ካለችው ገንዘብ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የአርታኢዋ ክፍያ ነው። ካልበቃ የቅጂው ቁጥር ይቀነሳል። ይህ ውሳኔ ሁለት ደራሲ አስቀይሞብናል፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

የኅትመቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባ ማሳተም ለብዙ ቅጂ ያዋጣል፤ ወረቀቱ ግን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተነገረህ ዋጋ ነገ ላይጸና ይችላል። ታትሞ ሲያልቅ ደግሞ የሚያመጣው መንገደኛ ይፈለጋል። ለመንገደኛው የሚፈቀድለት 23፣ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው፤ እነሱም በበርበሬና በሽሮ ተይዘዋል። አንድ ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ቢሆን እንኳ 70 ቅጂ ገደማ ነው። እዚህ በዲጂታል ማተሚያ 100 ቅጂ ማሳተም ይቻላል፤ የአንዱ ዋጋ ይጨምራል እንጂ የሚከማች የለም። አይ ኤስ ቢ ኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር እኛ ስንገዛ አንዱ ብቻ 125 ዶላር ነበር፤ አሥር ሲሆን 295። አሥሩን አንድ ላይ ገዛን።

የሚከብደው ማድረሱ ነው። በኢንተርኔት መጽሐፍ ከሚያትሙና ከሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ አማርኛን ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ውስጥ ስላላስገባ ፋይላችንን መልሶልናል። የሐበሻ መደብሮች ባለቤቶች ከእንጀራው አጠገብ መደርደሪያ ይሰጡናል፤ ይህን ውለታቸውን አንረሳም። በፖስታ ለሚያዝ፣ አሜሪካ ውስጥ ሚዲያ ሜይል የሚባለው ለመጽሐፍ የተለየ ርካሽ አገልግሎት አለ፤ ይዘገያል፣ ይደርሳል። ከሁሉ የሚሻለው ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ ሳምንት ነው። ከጥብስ ሻጩና ከባህል ልብስ ሻጩ መካከል ጠረጴዛ ዘርግተን እንቆማለን፤ ከዳላስም ከሲያትልም የመጣው ሰው እዚያ ያገኘናል።

አውሮፓ ላለው አንባቢ ፖስታው ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል። ዓረብ አገር ላሉ እኅቶቻችን ደግሞ የሚላክበት አድራሻ የለም፤ የሚኖሩት አሠሪዎቻቸው ቤት ነው። እነሱ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ ማታ ሥራ ሲያልቅ። የአማርኛ መጻሕፍት ስካን ተደርገው በቴሌግራም ሲበተኑ፣ ያለ ፈቃድ ተተርከው ዩቲዩብ ላይ ሲወጡ ደራሲው ይደማል፤ ከዚያ ገቢ መሰብሰብ ስርቆት መሆኑን በግልጽ መናገር አለብን። ግን ከቤሩት «ወንድሜ፣ መጽሐፉን እንዴት ላገኘው እችላለሁ?» ብላ የጻፈችን ልጅ ሌባ አይደለችም። ፒዲኤፉን እኛው ራሳችን ላክንላት። ከደራሲዎቻችንም ጋር ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሊባኖስ ለሚጠይቁን እንዲሁ እንድንልክ ተስማምተናል።

ከእኛ በፊት ይህን መንገድ የሄዱ አሉ፤ ታሪካቸውን ለአዲስ መጪዎች ደጋግሜ እነግራለሁ። ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ሲጨርስ የሚያከፋፍልለት አጥቶ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡ ከከተማ ከተማ ተቀባበለው። በዚያው ስም እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ የከፈቱት የመጻሕፍት ቤት ዛሬም አለ። የንብረት ግብሩ ሲከብድ ማኅበረሰቡ ተነሥቶ ጮኸ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የከተማው ምክር ቤት የግብር እፎይታ ሰጠ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኤልያስ ወንድሙ በ1998 እ.ኤ.አ. ፀሐይ አሳታሚን መሥርቷል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ፣ ያ ታላቅ ሠዓሊና ገጣሚ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ በስደት አረፈ፤ የግጥም መድበሉ ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የእሱን ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። ስንት ደብተር በየአፓርታማው መሳቢያ ውስጥ ባለቤቱን አሳልፎ ቀርቷል?

ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ጀመርን። መጽሐፍ በተመረቀ በወሩ ሁለተኛ ስብሰባ እንጠራለን። ሽያጭ የለም፣ ጨረታ የለም፣ ንግግር የሚያደርግ የክብር እንግዳ የለም። ያነበበ ብቻ ይምጣ እንላለን። ቦታው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል ነው፤ በነፃ ይሰጡናል። መጀመሪያ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ምርቃቱ ላይ ከነበረው እፍኝ አይሞላም።

የቀረበው ልብ ወለድ ውስጥ ልጇን ወደ ዓረብ አገር የምትልክ እናት አለች። ኤርፖርት የምትሠራ አንዲት እኅት፣ ራሷ ሪያድ የሠራች፣ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አስምራበት መጣች። «እናትየዋን በጣም ምሕረት አደረግህላት» አለችው ደራሲውን። «እኔ የእናቴን ዝምታ ይቅር ለማለት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተ በሦስት ገጽ ጨረስከው።» አንድ ሽማግሌ አባት ተነሥተው ተቃወሟት፤ ልጅን መላክ ምን እንደሚመስል ከላኪው ወገን ሆነው ተናገሩ፤ ልጃቸውን የላኩበትን ብር ከየት ከየት እንደተበደሩ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲጠራ ምን እንደሚሰማቸው። ክርክሩ ጦፈ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መብራት ሊያጠፋ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ደራሲው ሆቴል ውስጥ የሚያጸዳ፣ በምርቃቱ ቀን ከ«አመሰግናለሁ» በቀር ቃል ያልወጣው ሰው ነው። ያን ቀን ግን እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ እያወራ ወጣ።

በማግስቱ ደውሎ ያን ምዕራፍ ለሁለተኛው እትም እንደገና ሊጽፈው እንደሆነ ነገረኝ። ሦስቱ ገጽ አሁን አሥራ አንድ ደርሷል። ጋሼ እሑድ ያነቡልናል፤ ኤርፖርት የምትሠራዋን እኅትና ሽማግሌውንም ረቂቁን እንዲሰሙ ጠርተናቸው እሺ ብለዋል።