ትልቁ ልዩነት አንጎል ላይ አይደለም

ሰውና ቺምፓንዚ የሚለያዩት ምናቸው ላይ ነው ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን «አንጎል ላይ» እንላለን። እኔም ለዓመታት የማስበው እንደዚያ ነበር። የጂኖችን ሥራ ሲያዩት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የሰውነታችን ህዋሶች ከሞላ ጎደል የያዙት አንድ ዓይነት ዲ ኤን ኤ ነው። ጉበትን ጉበት፣ ልብን ልብ የሚያደርገው የትኛው ጂን ሠርቶ የትኛው ዝም አለ፣ የሠራውስ ምን ያህል ሠራ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ከጂኑ የተቀዳው አር ኤን ኤ ይቆጠራል። በ2011 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ9 አጥቢ እንስሳትና በዶሮ ላይ 6 የአካል ክፍሎችን በዚህ መንገድ አነጻጸረ። በዝግታ ሲለወጥ የኖረው አንጎል ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም የፈጠነው ደግሞ የወንዱ የዘር ፍሬ፣ ማለትም ስፐርም የሚሠራበት የአካል ክፍል!

ለምን? እኔን በጣም የሚያሳምነኝ የስፐርም ፉክክር ነው። ሴቷ ቺምፓንዚ ከብዙ ወንዶች ጋር ስለምትገናኝ የወንዶቹ ፉክክር ከግንኙነት በኋላም አያበቃም፣ ስፐርማቸው ሰውነቷ ውስጥ ይሽቀዳደማል፤ ለማሸነፍ የሚረዳ ለውጥም ቶሎ ይስፋፋል። ጎሪላ ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አውራ ወንድ ነው ሴቶቹን የሚይዘው። ስለዚህ በአካል ከቺምፓንዚ እጅግ ቢገዝፍም የዘር ፍሬው በጣም ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የዘር ፍሬውን እንዳለ ፈጭተን አር ኤን ኤውን ብንቆጥር፣ የአንድ ጂን ቁጥር በአንዱ ዝርያ ከፍ ያለው ወደ ስፐርም የሚያድጉት ህዋሶች እዚያ ስለበዙ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ግን ጂኑ እንደድሮው ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ህዋሶችን አንድ በአንድ ለይቶ ማየት የሚያስፈልገው። በ2023 የወጣ እንዲህ ያለ ሥራ ፍጥነቱ በሁሉም ደረጃ እኩል እንዳልሆነ አሳይቷል። የስፐርም አፈጣጠር መጀመሪያው ላይ ዝርያዎቹ ይመሳሰላሉ፣ መጨረሻው አካባቢ ግን በፍጥነት ይለያያሉ።

ይህ ልዩነት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከቤት አይጥ ንዑስ ዝርያዎች ሁለቱን እንውሰድ። ከአንዳንድ ጥንዶቻቸው የሚወለዱ ወንዶች መካን ናቸው። በ2009 አንዱ ተጠያቂ ጂን ተለየ፣ ፒ አር ዲ ኤም 9 ይባላል። በነዚህ ወንዶች ስፐርም ሲሠራ፣ ዝም ማለት የነበረበት ኤክስ ክሮሞሶም (ብዙ ጂኖችን የያዘ የዲ ኤን ኤ ጥቅል) በሰዓቱ ዝም አይልም፣ ህዋሶቹም ስፐርም ሳይሆኑ መንገድ ላይ ይቀራሉ። እህቶቻቸው ግን ይወልዳሉ።