ተረኛ መሆን፦ የቤተሰባችን ኑሮ በቶኪዮ ካትሱሺካ

ጃፓንን ለአጭር ጊዜ ጎብኝተው የሚመለሱ ወዳጆቻችን አዘውትረው የሚያነሡት ጽዳቱንና ሥርዓቱን ነው፤ ባቡሩ ሰዓት እንደሚያከብር፣ ትንንሽ ልጆች ያለ ወላጅ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ፣ ጎዳናው ላይ የወደቀ ነገር እንደማይታይ እየተደነቁ ያወሩናል። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ቤት ተከራይቶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ ጎረቤት አፍርቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሥርዓቱ በማን እጅ እንደሚሠራ ቀስ በቀስ ያያል። በየክፍሉና በየመንደሩ ተረኛ አለ፤ ተረኛው ድርሻውን ይሠራል፤ ለቀጣዩም ያስረክባል። ቤተሰባችን ይህን አገር ያወቀው ተራ በደረሰው ቁጥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የምንኖረው ከቶኪዮ 23 ልዩ ወረዳዎች አንዱ በሆነው በካትሱሺካ፣ ዮትሱጊ በሚባለው ሠፈር አካባቢ ነው። በጃፓን ያለው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በዚህ ወረዳ የተሰባሰቡ ብዙዎች ስላሉ፣ በኬይሴይ ባቡር ውስጥ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም፤ እንጀራ የሚቀርብበት ምግብ ቤትም በቅርባችን አለ። ሠፈሩ ቱሪስት የሚያዘወትረው ዓይነት ሳይሆን፣ አነስተኛ ወርክሾፖች ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ተጠጋግተው የሚውሉበት፣ ሰው የሚሠራበትና የሚኖርበት ነው።

ለመኖር የመጣ የውጭ ዜጋ ቤት በያዘ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻውን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። ለእኛ የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሣው እዚያው፣ ከስማችን ላይ ነበር። የጃፓን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 750 ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያዝዛል፤ ልጆችም በዚያው ይጠራሉ። በእኛ ፓስፖርት ግን በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአያት ስም ስለሆነ፣ ባለቤቴ በአያቱ፣ እኔ በአያቴ፣ ልጆቻችን ደግሞ በአባታቸው አባት ስም ተጽፈናል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ሰዎች ሦስት የቤተሰብ ስም ይዘን ቀረብን ማለት ነው። ያስተናገደችን ሠራተኛ ወረቀቶቹን ደጋግማ ካየች በኋላ ልጆቹ ከእኛ ጋር ያላቸውን ዝምድና በትሕትና ጠየቀችን። ባለቤቴ በባዶ ወረቀት ላይ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የዘር ሐረጋችንን ሥሎ፣ ስም ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወርድ በቀስት እያመለከተ አስረዳት። ያንን ሥዕል በንጹሕ ገልብጠን እስካሁን በክሊኒክ፣ በባንክና በትምህርት ቤት እናሳያለን። ለኑሮ እንዲቀል ሁላችንም በአንድ ስም እንድንጠራ የመከሩን ነበሩ፤ አልተቀበልንም። ልጆቼ ከአገራቸው ርቀው ሲያድጉ በየቀኑ ይዘውት የሚወጡት ቅርስ የአባታቸው ስም ነውና፣ ለማስረዳት የሚጠፋው ጊዜ አያሳስበኝም። ወደዚህ ለመምጣት ለሚያስብ ቤተሰብ ግን የጋብቻና የልደት ማስረጃን ከነትርጉሙ አሟልቶ መምጣት ብዙ ድካም እንደሚያስቀር ልናገር እወዳለሁ።

የዓመት አቆጣጠሩ ለእኛ ለሀበሾች ይቀለናል። የመንግሥት ቅጾች ብዙ ጊዜ የሚሞሉት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ አሁን ያለው የሬይዋ ዘመን የጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2019 ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. የተወለደችው ልጃችን በፈረንጆቹ 2016፣ በጃፓኖቹ ደግሞ ከሬይዋ በፊት በነበረው ዘመን ሄይሴይ 28 ትሆናለች። ሁለት አቆጣጠር እያቀያየረ ያደገ ሰው ሦስተኛውን ለመጨመር ብዙ አይቸገርም።

ጃፓንን በእውነት የገለጠልን ትምህርት ቤቱ ነው። የውጭ ዜጋ ልጁን እንዲያስተምር በሕግ ባይገደድም፣ ካመለከተ በመንግሥት አንደኛና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ይማርለታል፤ መጽሐፉም በነፃ ነው። በካትሱሺካ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምሳውም ያለ ክፍያ ሆኗል። ለወላጆች ክፍት በሆነ ቀን የሴት ልጄን ክፍል የምሳ ሰዓት ቆሜ ተመለከትኩ። የዕለቱ ተረኞች ነጭ ጋዋን፣ ነጭ ቆብና ጭንብል አድርገው ምግቡ የተጫነበትን ጋሪ ገፍተው አስገቡ፤ አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ወተት ለማደል በየቦታቸው ቆሙ። ሾርባ የያዘው ልጅ ከላይ ያለው መረቅ ብቻ እንዳይቀዳ ጭልፋውን እስከ ድስቱ ሥር እያወረደ፣ ካሮቱና ድንቹ ለሁሉም እንዲደርስ በጥንቃቄ ያማስል ነበር። የመጨረሻው ልጅ ሳህን ሳይሞላ ቾፕስቲክ ያነሣ አልነበረም። ከምሳ በኋላ ወንበርና ጠረጴዛውን ወደ አንድ ጎን ገፍተው፣ ከአሮጌ ፎጣ በተሰፋ ጨርቅ ወለሉን ተንበርክከው ወለወሉ። እኛም አዲስ አበባ ስንማር ክፍል የምንጠርገው በተራ ነበር፤ እዚህ ልቤን የነካው መምህሩ ራሱ ጨርቅ ይዞ ከልጆቹ መካከል መንበርከኩ ነው።

ምግቡ ለእኛ የራሱ ጣጣ አለው። የየወሩ የምሳ ዝርዝር ከነግብዓቱ አስቀድሞ ወደ ቤት ስለሚላክ፣ የአሳማ ሥጋ ያለበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እናከብና በዚያ ቀን ልጆቹ ምሳ ከቤት ይይዛሉ። በጾም ወቅት እኛ ወላጆች ውጭ መብላት ይበልጥ ይከብደናል፤ ላዩ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የወጣ ነውና። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር በምሳ ዕቃ ከባለቤቴም ከእኔም ቦርሳ አይጠፋም።

ወደ መንደሩ ስመለስ፣ የሚቃጠል፣ የማይቃጠል፣ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል እየተባለ የተለየው ቆሻሻ በየራሱ ቀን እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ይወጣል። ቁራ እንዳይዘነጥለው መረብ ይለብሳል። መኪናው ጭኖ ከሄደ በኋላ መረቡን አጥፎ ቦታውን የሚጠርገው ተረኛው ቤት ነው፤ ተራው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከደጅ ወደ ደጅ በሚዘዋወር ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ነው። አሠራሩን ያሳዩን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው ጎረቤታችን እናት ናቸው፤ ወገባቸው ቢጎብጥም መጥረጊያቸውን ይዘው ወጥተው ከጎናችን ጠርገዋል። የመንደሩን ማኅበር፣ ቾናይካይ የሚሉትን፣ ያስተዋወቁንም እሳቸው ናቸው። ለእኛ አገር ሰው ቾናይካይን በእድር ማስረዳት ይቀላል፦ መዋጮ አለው፣ ተጠሪ አለው፣ ማስታወቂያውም በሰሌዳ ተይዞ ከቤት ቤት እየዞረ ያነበበ ሁሉ ይፈርምበታል። የበጋውን በዓልና የአደጋ ጊዜ ልምምዱን የሚያዘጋጀውም ይኸው ማኅበር ነው። አባልነቱ ግዴታ ስላልሆነ ወጣቶቹ እየራቁት፣ ሥራው በአረጋውያን ትከሻ ላይ እየቀረ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ወገኔ «እኔ እንግዳ ነኝ» ብሎ እንዲህ ካለው ማኅበር ባይሸሽ አጥብቄ እመኛለሁ፤ እኛን ሠፈሩ በስማችን መጥራት የጀመረው ከተመዘገብን በኋላ ነው።

የአደጋው ነገር ለይስሙላ የሚነሣ አይደለም። የምሥራቅ ቶኪዮ መሬት ዝቅተኛ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች የሆነ ቦታም አለበት። ሠፈራችንን ተጠግቶ የሚያልፈው ሰፊው የአራካዋ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1910ሩ ታላቅ ጎርፍ በኋላ በሰው እጅ ተቆፍሮ በ1930 የተጠናቀቀ መፋሰሻ ነው። ወረዳው የሚያድለው ካርታ ጎርፍ ቢመጣ ውሃው በየሠፈሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ በቀለም ያሳያል። መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሴፕቴምበር 1፣ በመላ አገሪቱ ልምምድ ይደረጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በዚያ ቀን፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ምሳ በሚበስልበት ሰዓት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ያስነሣው እሳት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈጅቷልና። በትምህርት ቤቱ ልምምድ ልጆቹ የተደረበ ጨርቅ ኮፍያ ራሳቸው ላይ ያጠልቃሉ፤ እኛ ወላጆች በግቢው ተሰልፈን በእጅ እንረከባቸዋለን። መምህሩ በካርድ ላይ ያለውን ስም ከፊታችን ጋር ያስተያያል፤ ልጁ በማይመሳሰል ስም ቢጠራም ባለቤቴ አባቱ መሆኑ በካርዱ ጀርባ ተጽፎለታል። ከዚያም ወደ ትንሹ ልጃችን ጎንበስ ብሎ «የመጣልህ ማን ነው?» ሲል ይጠይቀዋል፤ ልጁ ሳይመልስ አያስረክበውም።

በመጪው ኤፕሪል በቾናይካዩ የመስመራችን ተጠሪነት ለአንድ ዓመት በእኛ ቤት ላይ ያርፋል። ባለቤቴ መዋጮ ይሰበስባል፤ እኔ ማስታወቂያውን አዞራለሁ፤ እኛ ያልዘለቅነውን ካንጂ የተባለውን የጃፓን ጽሕፈት የምታነብልን ልጃችን ናት። ጎረቤታችን እናት የደረሰኙን ደብተርና የየቤቱን ዝርዝር ካሁኑ አምጥተው፣ ማን ጠዋት ማን ማታ እንደሚገኝ በእርሳስ ምልክት አድርገውልናል።