መብራት በጠፋ ቀን የታሸጉት ካርቶኖች

ባሕር ዳር ውስጥ ማር አጣርቶ በጠርሙስ የሚያሽግ አንድ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንድ ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ደንበኞቻችን ስሞታ በስሞታ ላይ ይመጣብን ጀመር። ካርቶኑ ሲከፈት ጠርሙስ ተሰብሮ ማሩ ፈሶ ይገኛል። ማር ደግሞ እንደ ውኃ አይደለም። ከ12ቱ አንዱ ከተሰበረ የቀሩት 11ም አይሸጡም፤ ወረቀታቸው ይጨቀያል፣ ስብርባሪ ይጣበቅባቸዋል፣ ማንም ደፍሮ አጥቦ ለሰው አያቀርባቸውም። የገበሬው የዓመት ልፋት እንዲህ ሆኖ ሲጣል ማየት ያማል።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በጫኝና አውራጆቹ ላይ አደረግኩት። ዝናቡ ከጣና በኩል ጠቁሮ ሲመጣ ካርቶኑን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ሲቀባበሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም። ከክፍያቸው ተቆረጠ።

በሳምንቱ የጫኞቹ አለቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቁኝ። አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣» አሉኝ፣ «መብራት የጠፋ ዕለት በእጅ ያሸጋችሁትን ማን ጫነው? እኛው። በዚያው መኪና፣ በዚያው ዝናብ። እሱ ተሰበረ?»

«አላየሁም ጋሼ፤ አጣራለሁ» አልኳቸው።

«እይ እንግዲህ» ብለው ሄዱ።

ካርቶኖቻችን ላይ የታሸጉበት ቀንና ፈረቃ ይታተማል። የተመለሱትን ዝርዝር ከመብራት መጥፋቱ መዝገብ ጋር አስተያየሁት። ማሽኑ በቆመባቸው ሁለት ቀናት፣ ሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ በእጃቸው አጥፈው በፕላስተር ካሸጉት ካርቶን አንድም የተመለሰ አልነበረም። የተመለሰው በሙሉ ማሽን ያሸገው ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ከአንድ ጥቅል የወጡ አሥር ባዶ ካርቶኖች ወሰድኩ፤ ማር የሞሉ ጠርሙሶች ደርድሬባቸው አምስቱን በማሽን፣ አምስቱን በእጅ አሳሸግኩ። ኢስታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለጭነት ማሸጊያዎች ባወጣው መሠረታዊ ፍተሻ፣ ከ10 ኪሎ በታች የሆነ ካርቶን ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ይጣላል፦ አንዴ በማዕዘኑ፣ ሦስቴ በጠርዞቹ፣ ስድስቴ በስድስቱ ገጾቹ። የኛው ካርቶን 9 ኪሎ ያህል ስለነበር በዚሁ ልክ ሄድኩ። ከፍታው ከወገብ በታች ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ካርቶኑ ሲሚንቶውን የሚመታው በሰዓት ወደ 14 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ ያን ጉልበት ደግሞ አንድ ነገር መቀበል አለበት፤ ወይ ካርቶኑ፣ ወይ ጠርሙሱ።

በእጅ የታሸጉት አምስቱም ማዕዘናቸው ተጨራመተ እንጂ ውስጣቸው ደህና ነበር። በማሽን ከታሸጉት ሦስቱ ውስጥ ጠርሙስ ተሰበረ። ስከፍታቸው የተሰበሩት ጠርሙሶች ሁሉ በሁለቱ ጎን ግድግዳዎች ላይ የተደገፉት ናቸው፤ መሐል ያለ አንድም አልተነካም።

እነዚያ ሁለት ግድግዳዎች ምን ነካቸው? የማሸጊያ ማሽኑ ካርቶኑን የሚጎትተው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቺንጋዎች ጨብጦ ነው። በካሊፐር ለካሁ። ወደ ማሽኑ ያልገባው ካርቶን ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቺንጋው የጨበጠው ቦታ ከዚያ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት፣ በዓይን ግን ልዩነቱ አይታይም። የካርቶን ጉልበት ያለው በሁለቱ ልሙጥ ወረቀቶች መካከል እንደ ሞገድ በተጣጠፈው ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዷ ሞገድ እንደ ትንሽ ቅስት ናት፤ ምት ሲመጣ እሷ እየተጨፈለቀች ጉልበቱን ትበላለች፣ ጠርሙሱ ይተርፋል። አስቀድማ ማሽን ውስጥ ከተጨፈለቀች ግን መንገድ ላይ የምትበላው ነገር አይኖራትም። ክፋቱ ደግሞ ወረቀት ከተጨፈለቀ በኋላ ውፍረቱን በከፊል ይመልሳል፤ ጉልበቱን ግን አይመልስም። ለዚህ ነው ሁላችንም ስናልፍበት ያላየነው።

የማሽኑን ኦፕሬተር ቺንጋውን ማን እንዳጠበቀው ጠየቅኩት። ልጁ አልዋሸኝም። «እኔ ነኝ። ክረምት ከገባ ጀምሮ ካርቶኑ ይንሸራተትብኛል፣ ክዳኑ ተጣሞ ይታሸጋል። ቡሎኑን ትንሽ ትንሽ እያልኩ አጠበቅኩት» አለ። ወደ ካርቶኑ መጋዘን ሄድኩ። ጥቅሎቹ ሲሚንቶ ላይ፣ ወደ ሐይቁ በሚከፈተው በር አጠገብ ተደርድረዋል። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት ከጣና የሚነሳው አየር ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ባሕር ዳር የኖረ ያውቀዋል፤ ያጠቡት ልብስ ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። ካርቶንም ወረቀት ነውና ያንን ሁሉ ይጠጣል። አየሩ እጅግ ሲረጥብ ካርቶን በደረቅ አየር ከነበረው የመሸከም አቅም ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ተያያዘልኝ። እርጥበቱ ካርቶኑን አለሰለሰው፤ የለሰለሰው ካርቶን ቺንጋው ላይ አልቆም አለ፤ ልጁ ሥራው እንዳይቆም ቺንጋውን አጠበቀ፤ ቺንጋው ሞገዱን ጨፈለቀ። ከዚያ ወዲያ ደጀን ላይ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የቀረውን ጨረሰው። በእጅ የታሸገውም ከዚያው እርጥብ ጥቅል ነበር፤ ግን ቺንጋ አልጨበጠውም። ጫኞቹ አይወረውሩም አልልም፤ ይወረውራሉ፣ ያም መታረም ያለበት ነገር ነው። ደህና ካርቶን ግን ያንን ችሎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር።

ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ስህተት መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሰፈርኩ፤ የተቆረጠው ገንዘብ እንዲመለስላቸውም ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ቅር ቢለውም ፈረመ። ካርቶኖቹን ከበሩ አንስተን ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ፓሌት ላይ አወጣናቸው፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አደረግን። ቺንጋውን ካርቶኑን ይዞ እስኪጎትት ድረስ ብቻ አላላነውና ልኩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግንበት። ካርቶኑ ሲደርቅ መንሸራተቱም በራሱ ቆመ።

ገንዘቡ የተመለሰ ዕለት ጋሼን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «የተጨፈለቀውን እንዴት ነው የምታውቀው? አሳየኝ» አሉኝ። ደህናውንና የተጎዳውን ጎን ለጎን አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ሁለቱን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ብዙ ጊዜ አመላለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና ሲጫን ጋሼ አልፎ አልፎ አንድ ካርቶን አንስተው ጎኑን ጫን ያደርጉታል። ያልወደዱትን መኪናው ላይ አያስወጡትም፤ ለብቻው ያስቀምጡትና ያስጠሩኛል።