ክሽክሽን ከባክቴሪያዋ መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓዶች፣ የክሽክሽ ሙከራዬ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ለማታውቁት፣ የአተር ክሽክሽ የተክል ፈሳሽ እየመጠጠች የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ናት፣ የምትመጠው ፈሳሽ ስኳሩ ብዙ ነው አሚኖ አሲዱ (የፕሮቲን መሥሪያው) ግን አይበቃትም፣ የጎደለውን የምትሰራላት ሆዷ ውስጥ ልዩ ሴሎች ውስጥ የምትኖር ቡክኔራ የምትባል ባክቴሪያ ነች፣ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈች ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። እኔ የማየው ቡክኔራን በአንቲባዮቲክ ብናጠፋ ክሽክሿ ምን ትሆናለች የሚለውን ነው።

የጎመኑ ክሽክሽ ባህር ዳር ሞልቷል፣ ግን ነጭ ዱቄት ስለሚለብስ ለማየት አይመችም፣ ስለዚህ የአተሩን መረጥኩ። የባቄላ ቀንበጥ ቆርጬ ግንዱን ቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ መድኃኒቱ ከውሃው ጋር ወደ ቅጠሉ ይወጣል ክሽክሾቹም ይመጡታል። ጎኑ ላይ ደግሞ ለማወዳደሪያ ንፁህ ውሃ ብቻ ያለው ብልቃጥ አለ። ቴትራሳይክሊን ብርሃን ስለሚያበላሸው ብልቃጡን በፎይል መጠቅለልና ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው። ሪፋምፒሲን ለዚህ ስራ የታወቀ ነው ግን የቲቢ መድኃኒት ስለሆነ እኔ አልነካውም። የተረፈውንም ወደ ጣና በሚወርድ ቱቦ አልደፋም፣ ከላብራቶሪ ኬሚካል ቆሻሻ ጋር ነው የሚጠራቀመው።

በጣም ልብ በሉ የምለው ሙቀቱን ነው። ቡክኔራ ሙቀት አትችልም፣ የመጋቢትና የሚያዝያ የባህር ዳር ሙቀት ብቻውን ሊቀንሳት ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱም ብልቃጦች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ካልሆኑ መድኃኒቱ ነው ሙቀቱ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ሌላው፣ ቴትራሳይክሊን የክሽክሿን የራሷን ማይቶኮንድሪያ (የሴሎቿን ኃይል ማመንጫ) ሊጎዳ ይችላል (ማይቶኮንድሪያም ዘሩ ከባክቴሪያ ነው)፣ ለዛ ነው መድኃኒት የጠጡትን ወደ ንፁህ ባቄላ አዛውሬ የምጠብቀው።

እናቶቹ መጀመሪያ ምንም የሆኑ አይመስሉም፣ መውለዳቸውንም አላቆሙም። ልዩነቱ የወጣው ልጆቹ ላይ ነው፣ በእጅ ሌንስ ሳያቸው ከሌሎቹ እኩዮቻቸው ያነሱ ናቸው፣ እድገታቸው ዘገምተኛ ነው፣ ካደጉትም የሚወልዱት ጥቂት ናቸው። ይሄን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ!

ግን ይሄ ማሳ ላይ የሚረጭ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አንቲባዮቲክ እርሻ ላይ መርጨት መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ማብዛት ነው። ጥቅሙ ተባዩ በምን እንደሚኖር ማወቁ ላይ ነው።

ቀጥሎ ፒሲአር (የዲኤንኤ ምርመራ) አለ፣ ቡክኔራ በእርግጥ መጥፋቷን ለማየት። ከዛ በፓራፊልም (በሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ) መሀል አሚኖ አሲድ ያለበት የስኳር ውሃ ላቀርብላቸው አስቤያለሁ፣ እድገታቸው ከተሻሻለ ጉዳቱ በአብዛኛው የምግብ እጥረት ነበር ማለት ነው። ክሽክሽ በሰው ሰራሽ ምግብ ያረባችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሰራችሁት ፃፉልኝ።