ፈረንሳይኛን በቀለም መቁጠር፦ የአምስተኛው ወር ማስታወሻ

ፈረንሳይኛ ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። በዚህ ወር ሰዋስው አልነካሁም። ቃሉ በቀለም (አንድ አናባቢ ባለው የድምፅ ክፍል) የት እንደሚከፈልና ድምፁ የት ላይ እንደሚጫን ብቻ ስለማመድ ከረምኩ።

ነገሩን ያስጀመረኝ ስልኬ ላይ የቀዳሁት የራሴ ድምፅ ነው። ሳዳምጠው እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እጠራለሁ፤ ልክ ስም እንደሚጠራ የክፍል አለቃ!

ፈረንሳዮች ቃል ከቃል እንዲህ አይነጥሉም። «አቬክ ኤል» (ከእሷ ጋር) በአፋቸው «አ-ቬ-ኬል» ነው። «ክ» የራሷን ቃል ትታ ወደሚቀጥለው አናባቢ ትሻገራለች። በእኛ ፊደል ስጽፈው በራልኝ፤ «ክ» እና «ኤ» ተጋብተው «ኬ» ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገሩን በፊደል እየጻፍኩ፣ ግጥም እንደሚመጥን ሰው ቀለም እቆጥራለሁ።

ዘዴው ግን ሁሌ አያዋጣም። «ታብሎ» (ሥዕል) ላይ ተሰናከልኩ። የእኛ ምላስ «ገብ-ሬ» እንደሚል «ታብ-ሎ» ማለት ይቀናዋል። ትክክሉ «ታ-ብሎ» ነው። «ብ»፣ «ፕ»፣ «ክ» የመሳሰሉት «ል» ወይም «ር» ሲከተላቸው አብረው ይሄዳሉ። ማጥበቅም አስቸግሮኛል። «ፖም» ሲጻፍ ሁለት «ም» ስላለው አጠብቀው ነበር። እኛ «አለ»ን ስናጠብቅና ስናላላ ትርጉሙ ይለወጣል፤ እነሱ ግን ሁለት «ም» ይጻፉ እንጂ ሲናገሩ «ም»ን አላልተው በአንድ ቀለም ይሉታል።

«ሳምዲ» (ቅዳሜ) ሲጻፍ መሃሉ ላይ አንድ አናባቢ አለ፤ በንግግር ይዋጣል። «ቫንድረዲ» (ዓርብ) ላይ ግን «ረ» አናባቢዋን አትጥልም፤ ብትጥል ሦስት ተነባቢ ይደራረባል።

ጫናው ደግሞ የቃል ሳይሆን የሐረግ ነው። «ዠ ፓርል» (እናገራለሁ) ስል «ፓርል» ላይ ያርፋል። «ዠ ፓርል ፍራንሴ» ካልኩ ግን «ፓርል» ያስረክብና «ሴ» ይረከባል። መጫን ሲባል መጮህ መስሎኝ ነበር። ዋናው ማስረዘም ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ ለገሀር «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) ነው፤ ሁለት ቀለም፣ ጫናው መጨረሻው ላይ። «ጋ»ን አስረዝሜ ያንን የጉሮሮ «ር» ሳስከትል፣ «ሀ» ከየት እንደገባች የገባኝ መሰለኝ። ግምት ነው እንግዲህ።

ትናንት ማታ እንደገና ቀዳሁ። «አቬኬል» ሰመረ። «ታብሎ»ን አምስት ጊዜ ብዬ ሦስቱ «ታብ-ሎ» ሆነው ወጡ።