ሁለት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ጎንደር አዘዞ ልንገዛ ያሰብነውን ቤት ለማየት ሄድን። ግቢው አንድ ነው፤ የሚኖሩበት ሁለት ተከራይ ቤተሰቦች። ደላላው ስለ ካርታውና ስለ ሰፈሩ ማደግ ሲያወራ የእኔ ዓይን ከመብራት ቆጣሪው ሥር በምስማር የተንጠለጠለ የተማሪ ደብተር ላይ ቀረ። ገለጥሁት። በሁለት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ወር በወር፣ ማን ስንት እንደከፈለ ተመዝግቧል። አንዱ ገጽ ላይ "የታኅሣሥን እኛ ችለነዋል፤ እርሷ አራስ ናት" ይላል። ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኋት።

አንዲት እናት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ልታስወጡን ነው?" አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እርሳቸው ግን የውል ወረቀት ኖሯቸው አያውቅም። በጽሑፍ ያላቸው ነገር ያ ደብተር ብቻ ነው። በከተማችን ስንቱ ግቢ እንዲህ በመተማመን ብቻ እንደሚያድር አሰብሁና ሆዴ ባባ።

ደላላው "ባዶውን ነው የምትረከቡት" ሲለን አልተቀበልሁትም። በዋጋ ከተስማማን ሁለቱም ቤተሰቦች በጽሑፍ ውል ይቀጥላሉ አልሁት። ባለቤቴ የደብተሩን አቧራ አራግፋ ወደ ምስማሩ መለሰችው።