የማያመው እብጠት

ዛሬ አንገታቸው ላይ እብጠት ይዘው ከመንዝ የመጡ አባት አየሁ። «እንቅርት ነው ይሉኛል፤ ደግሞ አያመኝም እኮ ልጄ» አሉኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼው የማያመው ነው፤ ከጉሮሮ የተነሳ ካንሰር ሊሆን ይችላላ። ጠበሉንም የፋርማሲውንም እንክብል ሞክረዋል። ናሙና ተወስዶላቸዋል፤ ውጤቱ ገና ነው።

ማታ የደብረ ብርሃን ብርድ እንቅልፍ ሲነሳኝ ስለ ዶክተር ማውራ ጊሊሰን ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካዊት ሐኪምና ተመራማሪ ናት። ድሮ የጉሮሮ ካንሰር ሲነሳ የሚወቀሱት ሲጋራና መጠጥ ነበሩ። እሷና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የ253 የራስና አንገት ካንሰር ታካሚዎችን ዕጢ መርምረው በ62ቱ ላይ ኤችፒቪን አገኙ። አዎ፣ ያው የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ! በብዛት የተገኘው ደግሞ ቶንሲል አካባቢ ነው። ቫይረሱ ያለባቸው ታካሚዎች የመዳን ዕድላቸው የተሻለ መሆኑም ታየ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኒቮሉማብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በፈተነው ጥናትም አለችበት። የራስና አንገት ካንሰር ለተመለሰባቸው ሰዎች ዕድሜን ከ5 ወር ግድም ወደ 7 ወር ተኩል አራዘመ። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ልጁን እስኪድር ለሚጠብቅ አባት ግን ትንሽ አይደለም።

እኛ ጋ የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ጥሩ ነው። ግን ቫይረሱ ወንድ ሴት አይልም።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ከሚመጡልን የአንገት እብጠቶች ስንቱ የዚህ ቫይረስ ሥራ ይሆን? የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ርዕስ ጠፋን ስትሉኝ ነበር። ይኸው!